የጺም ብሩሽዎ እጀታ ቀንድ ከሆነ

አንባቢ ሆይ፤ የጺም ብሩሽዎ እጀታ ከቀንድ የተሠራ እንደሆነ ወደ መስኮት ያስጠጉትና አገላብጠው ይመልከቱት። በአንድ ወገን ጥቁር፥ በሌላው ወገን የማር መልክ ያለው፥ በመካከሉ እንደ ጢስ የተዘረጋ መስመር ያለበት ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ምናልባትም መርፌ የወጋው የሚመስል ነጥብ ይኖርበታል። ይህን ያየ ሰው አንዳንድ ጊዜ «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» ብሎ ከባለሱቅ ጋር ይጣላል፤ ወይም ከአባቱ የወረሰውን ብሩሽ «አርጅቷል» ብሎ ይጥለዋል። ከወር ደመወዙ ቈጥቦ ለገዛ ወጣት ሠራተኛ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። የሚያሳዝነው ደግሞ የተጣለው ብዙ ጊዜ ደኅናው መሆኑ ነው።

ደኅናውን ከተጐዳው ለመለየት አስቀድሞ ቀንድ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀንድ አጥንት አይደለም። በበሬ ራስ ላይ የሚበቅለው አጥንት ከውስጥ ነው፤ ዕቃ የሚሠራበት ግን ያንን አጥንት እንደ አፎት የሸፈነው ልባስ ነው። ይህም ልባስ ኬራቲን ከሚባለው ነገር የተሠራ ሲሆን፥ የጣት ጥፍራችንና የራስ ጠጉራችንም ከዚሁ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የቀንድን ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጥፍሩን ይመልከት። ጥፍር ውሃ ውስጥ ሲቈይ ይለሰልሳል፤ እየራሰ እየደረቀ ሲመላለስ ግን ጫፉ በንብርብር ይላጣል። ቀንድም እንዲሁ ነው።

ቀንድ ከሥሩ ክፍት፥ ከጫፉ ድፍን ነው። ሠሪው ድፍን እጀታ የሚያወጣው ከጫፉ በኩል ስለሆነ፥ ከአንድ ቀንድ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ዋጋውም የሚወደደው በዚህ ነው። ተቈርጦ ሲሞረድ ንብርብሩ መስመር ሆኖ ይወጣል፤ ቀለሙም እንስሳው እንዳበቀለው ይታያል። ይልቅስ ሊያጠራጥርዎ የሚገባው የሁለት ብሩሾች መስመር ነጥብ ሳይጐድል አንድ ዓይነት ሲሆን ነው፤ ያ በቅርጽ የወጣ ፕላስቲክ ነው። ቀንድ በጋለ መርፌ ቢነኩት እንደተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ይሁን እንጂ ባለሱቁ ፊት ይህን እንዲሞክሩ አልመክርም።

ቀንድ ለአገራችን ሰው እንግዳ ዕቃ አይደለም። ጠጅና ጠላ የሚጠጣበት ዋንጫ ከቀንድ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ከፍ አድርገው የሚስሙት የብር ዕቃ ስሙን የወረሰው ከዚሁ ነው። ዋግምት የሚያደርጉ ባለመድኃኒቶችም መሣሪያቸው ቀንድ ነበር። በለንደን ደግሞ የቀንድ ሠሪዎች ማኅበር ስሙ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1284 ዓመተ ምሕረት (እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር) ጀምሮ ነው። የድሮ ቀንድ ሠሪዎች ቀንዱን በሙቀት አለዝበው፥ በመጭመቂያ አሳስተው፥ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ካቀጠኑት በኋላ ለፋኖስ መስኮት ያውሉት ነበር። ማኅበሩ በ1943 የፕላስቲክን ሥራ የሙያው ወራሽ አድርጎ ተቀብሏል።

ይህን ያነሣሁት ሙቀት ቀንድን እንደሚያለዝበው እንዲያስተውሉ ነው። ሠሪው በሙቀት ያቀናውን ባለቤቱ በፈላ ውሃ ያጣምመዋል። ብሩሹን ከነእጀታው ከምድጃ በወረደ ውሃ ውስጥ ነክሮ ሸሚዙን ሊተኩስ የሚሄድ ሰው፥ ዕቃውን እንደገና ጥሬ ቀንድ እያደረገው ነው።

አሁን ጥፍርዎን በመስመሩ ላይ አቋርጠው ቀስ ብለው ይሳቡት። በዓይን የሚታየው መስመር ጥፍርዎን ካልያዘው ቀለም ብቻ ነውና አያስቡ። ጥፍርዎን ከያዘውና ከእጀታው ጠርዝ ተነሥቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ ከሆነ ግን ስንጥቅ ነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የተነሣ ካለም ንብርብሩ መለያየት ጀምሯል። ከግርጌ ያለ ትንሽ ስንጥቅ ብዙ ዓመት ሳይብስ ሊቈይ ይችላል፤ ጠጉሩ በተተከለበት አፍ ላይ ያለው ግን ውሃ ስለሚያስገባ በቶሎ መታየት አለበት። ቦይ የመሰለ የተበላ ጭረት ካዩ ደግሞ የብል ሥራ ነው፤ ሱፍ የሚበላ ትል ቀንድም ይበላልና፥ ብሩሹን ሻንጣ ውስጥ ዘግቶ ለብዙ ወራት መተው አይገባም።

አያያዙ ከባድ አይደለም። ለብ ባለ ውሃ ጠጉሩን ብቻ ይንከሩ። ከተላጩ በኋላ ሳሙናውን አጥበው ያራግፉት፤ ከጠጉሩ በፊት እጀታውን በፎጣ ያድርቁ፤ ከዚያም ነፋስ በሚያገኘው፥ ፀሐይና የከሰል ሙቀት በማይደርስበት ቦታ ያቁሙት። በክረምት ርጥብ ብሩሽ ቈርቈሮ ውስጥ ከተዘጋበት ይሻግታል። በተለይ ከደጋ ወደ ደረቅ ቆላ የተዛወረ ሠራተኛ እጀታውን አዘውትሮ ይመልከት፤ ቀንድ እርጥበቱን በድንገት ሲያጣ ይሰነጠቃል።

በወር አንድ ጊዜ ያህል ጥቂት ቅባት በለስላሳ ጨርቅ ይቀቡትና ጥቂት ቈይተው ይወልውሉት። ቫዝሊን ወይም የሕፃናት ቅባት ይበቃል። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይጣበቃል፤ ቅቤም ውሎ አድሮ ይሸታል። ቅባቱ ጠጉሩን አይንካ። የደበዘዘ እጀታም በጥርስ ሳሙና ቢፈተግ ወዙ ይመለሳል።

ጠጉሩ ቢረግፍ እጀታውን አይጣሉ፤ ባለሙያ አሮጌውን አውጥቶ አዲስ ሊተክልበት ይችላል። ስለ ጠጉር ከተነሣ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በደንብ ካልጸዳ የፈረስ ጠጉር የተሠሩ የጺም ብሩሾች አባ ሰንጋ አስተላልፈው በእንግሊዝና በአሜሪካ ሰው ገድለዋል። የአባ ሰንጋ ዘር ደርቆ ለብዙ ዓመታት በሕይወት መቈየት የሚችል ነው። ስለዚህ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የዚያን ዘመን ብሩሽ ካገኙ፥ እጀታው የቱንም ያህል ቢያምር፥ ጠጉሩን ፊትዎ ላይ አያድርጉት፤ በእጅዎም አይንቀሉት።