አሮጌ ሞተር ሳይክል፦ እንዳለ ይሸጥ ወይስ ተፈታቶ?



የወላይታ ዞን ዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ሻንቶ፣ እንደ አረካ፣ ቦዲቲና ሶዶ ሁሉ፣ ሞተር ሳይክል የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው። ሰው ያመላልሳል፣ የገበያ ዕቃ ያደርሳል። ሲያረጅና የጥገናው ወጪ ከገቢው ሲበልጥ ግን ባለቤቱን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ እንደ በሬ በቁሙ ይሸጥ ወይስ እንደ ቅርጫ ይከፋፈል?

ጥያቄው ዛሬ የበለጠ ክብደት አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር የመግዛት አቅም በመዳከሙ፣ ከውጭ የሚገባ አዲስ መለዋወጫ ተወድዷል። ያገለገለ ዕቃ ፈላጊ ባለበት ጊዜ «ፈታትቼ ብሸጠው ይሻለኛል» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አያስገርምም። ነገር ግን ሂሳቡን ሳይሠሩ መፍቻ ማንሳት አይገባም።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራል?

የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ ብቻ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። ላረጀ ነገር ግን ተነስቶ ለሚሄድ ሞተር ሳይክል እንዳለ 40,000 ብር ተሰጠ እንበል። ተፈታቶ ሲሸጥ ሞተሩ 22,000፣ ሁለቱ ቸርኬዎች ከነጎማቸው 8,000፣ ሰልባትዮና መቀመጫው 6,000፣ ካርቡሬተር፣ ባትሪ፣ መብራትና ሌላው 12,000፣ በድምሩ 48,000 ብር ያወጣሉ። ላይ ላዩን 8,000 ብር ትርፍ ይመስላል።

አሁን ወጪውን እንቀንስ። ለመካኒክ 3,000፣ ዕቃውን ሶዶ ለማድረስ 2,000 ብር ይውጣ። ከዕቃው ሩብ ያህሉ፣ ማለትም የ12,000 ብሩ፣ ሳይሸጥ ይቅር። እጅ ላይ የሚቀረው 31,000 ብር ነው። ያውም በአንድ ቀን ሳይሆን በወራት እየተቆራረጠ የሚገባ ገንዘብ ነው።

ሻሲው በአደጋ ተጣምሞ እንዳለ የሚሰጠው ዋጋ 20,000 ብር ብቻ ቢሆን ግን መልሱ ይገለበጣል፤ መፍታቱ 11,000 ብር ብልጫ አለው። ስለዚህ ሞተሩ የሚነሳ፣ ሻሲው ቀጥ ያለ፣ ሊብሬው ንጹሕ ከሆነ እንዳለ መሸጥ ያዋጣል። ሻሲው ከተበላሸና ዕቃው እንደ ቦክሰርና ቲቪኤስ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዓይነት ከሆነ መፍታቱ ትርጉም አለው።

ቦታም ይወስናል። አዲስ አበባ መርካቶ ውስጥ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚፈልግ ሶማሌ ተራ ይሄዳል፤ ውድቅዳቂ ብረት ሳይቀር በምናለሽ ተራ ገዢ አለው። በትንሽ ከተማ ግን ጥሩ ጥሩው ዕቃ ቶሎ ይወጣና የቀረው ግቢ ውስጥ ዝገት ይበላዋል። ስለዚህ ከመፍታት በፊት ቢያንስ የሞተሩንና የቸርኬዎቹን ገዢ በቃል ማግኘት ይበጃል።

ሊብሬው ላይ ቸልተኛ አይሁኑ

እንዳለ የሚሸጥ ሰው ብሩን ተቀብሎ ስም ሳያዞር መለየት የለበትም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት፣ ሌላ ሰው ሲነዳው እንኳ ተሽከርካሪው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ሊብሬው በስምዎ ከቆየ፣ ገዢው ሰው ቢገጭ መጀመሪያ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት። «አልሸጥኩትም ወይ?» ብሎ ማስረዳት ብዙ ያንከራትታል።

ፈታትቶ የሚሸጥ ሰው ደግሞ ሰሌዳውንና ሊብሬውን ለማንም መስጠት የለበትም። የሻሲ ቁጥር ያለበት ብረት ከነሊብሬው ሲሸጥ፣ የተሰረቀ ሞተር ሳይክል ሕጋዊ ማስመሰያ ሊሆን ይችላል። ሰሌዳውንና ሊብሬውን ይዞ ወደ መዘገበው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በመሄድ ምዝገባው እንዲሰረዝ መጠየቅ ነው። ሞተሩ የራሱ ቁጥር ስላለው ሲሸጥ ቁጥሩን የያዘ ውል በምስክሮች ፊት ይጻፍ። ገዢውም ነገ ሲጠየቅ ከየት እንዳመጣው የሚያሳይበት ማስረጃ ይኖረዋል።

ነውርን መግለጥ

በሁለቱም መንገድ ሻጩን የሚመለከት አማና አለ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ ከላይ ደረቅ፣ ከውስጥ እርጥብ የሆነ የእህል ክምር አግኝተው፣ እርጥቡ ሰው እንዲያየው ከላይ መሆን እንደነበረበት ለባለቤቱ መናገራቸውና ማታለልን ማውገዛቸው በሶሒሕ ሙስሊም ተዘግቧል። ወፍራም ዘይት ሞልቶ የሞተሩን ጭስና ድምፅ ለአንድ ቀን መደበቅ፣ የተሰነጠቀ ሻሲ በየዶ ከቀለም ሥር መሸፈን ከዚህ አይለይም። በሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ የተደበቀ ነውር የገዢውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ሕይወቱንም ሊወስድ ይችላል።

ነውሩን የሚናገር ሻጭ ጥቂት ብር ሊቀንስ ይችላል። ነገር ግን ነገ በዚያው ገበያ ከገዢው ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ አንገቱን አይደፋም። አላህ በንግዳችን በረካ ያድርግልን።