የቆሮሶ ሆድ፦ ባክቴሪያ የሚሞትበትም የሚኖርበትም ቤት

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ ቆሮሶ ሲበለት ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሆዱ ሲከፈት እንደ ክር የተጠቀለለ ቀጭን አንጀት ይወጣል። ቢዘረጋ ከዓሣው ቁመት ከአምስት እጥፍ በላይ ነው። ውስጡ ያለው ምግብ ደግሞ አንዳንዴ አረንጓዴ፣ አንዳንዴ ቡናማ ነው። ለምን?

ቆሮሶ ከሚበላቸው ነገሮች አንዱ ሳያኖባክቴሪያ ነው። ስሙ እንደሚለው ባክቴሪያ ነው፤ ግን እንደ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል። ግድግዳው ጠንካራ ስለሆነ በቀላሉ አይፈጭም። ታዲያ ዓሣው እንዴት ቻለ?

ሞሪያርቲ የተባለ ተመራማሪ በኡጋንዳው ጆርጅ ሐይቅ ያሉ ቆሮሶዎችን አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 መልሱን አሳተመ፦ የጨጓራቸው ፒኤች እስከ 1.4 ይወርዳል። ፒኤች በአንድ ቁጥር ሲወርድ አሲዱ አሥር እጥፍ ይጠነክራል። ንጹህ ውሃ 7 ነው፤ የሎሚ ጭማቂ 2 ገደማ። ይሄ እንግዲህ ከሎሚም ይብሳል! አሲዱ የባክቴሪያውን ግድግዳ ያፈርሳል፤ ከአረንጓዴው ቀለም ላይ ማግኒዚየም ነጥቆ ቡናማ ያደርገዋል። ጠዋት ዓሣው መብላት ሲጀምር ግን አሲዱ ገና በቂ አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ቁርስ ሳይፈጭ፣ አረንጓዴ እንደሆነ ያልፋል።

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ ይህን ሆድ የማየው እንደ ባለ ሁለት ክፍል ፋብሪካ ነው። ጨጓራው ባክቴሪያ ይገድላል። አንጀቱ ውስጥ ግን አሲዱ ይረክሳል፤ እዚያ ሌሎች ባክቴሪያዎች ተመችቷቸው ይኖራሉ፤ ለዓሣውም ቫይታሚን ቢ12 ይሠሩለታል። ኪራይ ከፋይ ተከራዮች በሏቸው።

በባሕር የሚኖሩት ኦይስተርና መሰሎቹ ግን እንዲህ ያለ ኃይለኛ አሲድ የላቸውም። ከውሃው ያጣሩት ባክቴሪያ ሆዳቸው ውስጥ በሕይወት ሊቆይ ይችላል፤ በጥሬው የበላቸውን ሰውም ሊያሳምም ይችላል።

ታዲያ ቆሮሶ ፍጹም አስተማማኝ ነው ማለት ነው? አይደለም። አሲዱ ባክቴሪያውን ይገድላል እንጂ መርዙን አያጠፋም። በባሕር ዳር በኩል ባለው የጣና ውሃ ማይክሮሲስቲስ የተባለ ሳያኖባክቴሪያ ተገኝቷል፤ ይህ ዝርያ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊሠራ ይችላል። መርዙ በዓሣው ሥጋ ሳይሆን በብዛት የሚከማቸው በጉበቱና በአንጀቱ ነው። እሳትም አይበግረውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ። ዓሣ ስታጸዱ የሆድ ዕቃውን ሳታፈርጡ አውጥታችሁ ጣሉ፤ ሥጋውን በንጹህ ውሃ እጠቡ። አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የመሰለ የሐይቅ ውሃ ስታዩ ደግሞ «አፍልተን እንጠጣዋለን» አትበሉ። ማፍላት ባክቴሪያውን እንጂ መርዙን አይነካውም።