አልፈታ ያለ ብሎን፦ በመኪና ሞተር ላይ የያዘን፣ የተበላንና የተሰበረን ብሎን የማውጣት ሳይንስ

በመኪና ሞተር ላይ አንድ ብሎን አልፈታ ሲል አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ የመፍቻውን እጀታ በቧንቧ አርዝሞ በሙሉ ክብደት መጫን ነው። ይህ እርምጃ ብሎኑን የያዘው ነገር ምን እንደሆነ ሳይታወቅ የሚወሰድ በመሆኑ፣ በጥቂት ደቂቃ ያልቅ የነበረውን ሥራ የሲሊንደሮቹን ክዳን (ቴስታታውን) እስከማስወረድ የሚያደርስ ጥገና ያደርገዋል። አልፈታ ያሉ ብሎኖች መንስኤያቸው አንድ አይደለም፤ አንዱን የያዘው ዝገት፣ ሌላውን በሁለት የተለያዩ ብረቶች መካከል የተካሄደ ኬሚካዊ ለውጥ፣ ሌላውን ደግሞ ቀድሞ የጠበቀበት ከልክ ያለፈ ውጥረት ሊሆን ይችላል። በሁሉም ዘንድ ግን የሚሠራው መርሕ አንድ ነው፤ ብሎኑን የሚያዞረውን ኃይል ከመጨመር በፊት ብሎኑን የያዘውን ኃይል መቀነስ ይቀድማል። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ባለመኪናዎች ይበልጥ ክብደት ያለው ነው፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ፣ አሁን በመንገድ ላይ ያሉት ሞተሮች ለብዙ ዓመታት እየተፈቱና እየተገጠሙ ማገልገል ይኖርባቸዋል።

ብሎን እንዴት እንደሚይዝ ለመረዳት ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን ማየት ያስፈልጋል። ጭንቅላቱ ከተጣበቀው ክፍል ላይ ካረፈ በኋላ ማዞሩ ሲቀጥል፣ የብሎኑ ዘንግ እንደ ሞላ በጥቂቱ ይለጠጣል፤ ወደ ቀድሞ ቁመቱ ለመመለስ የሚያደርገው ጥረት ነው ሁለቱን ክፍሎች አጣብቆ የሚይዛቸው። ብሎኑን ለማዞር የሚውለው ኃይል ቶርክ ይባላል፤ መለኪያውም ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ 1 ኒውተን ሜትር ማለት 1 ሜትር በሚረዝም እጀታ ጫፍ ላይ የ100 ግራም ገደማ ክብደት ሲጫን የሚገኘው የማዞር ኃይል ነው። አስገራሚው ነገር ከዚህ ኃይል ውስጥ ግማሽ ያህሉ በጭንቅላቱ ሥር ባለው ሰበቃ፣ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ደግሞ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ተበልቶ፣ ብሎኑን ለመለጠጥ የሚቀረው ወደ 10 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ የቀረው ጥቂት ኃይል የሚያስገኘው ውጤት ከፍተኛ ነው። ዲያሜትሩ 8 ሚሊሜትር የሆነና በጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለበት የተለመደ የሞተር ብሎን በ25 ኒውተን ሜትር ሲጠብቅ ወደ 15,600 ኒውተን በሚጠጋ ኃይል፣ ማለትም በ1,600 ኪሎግራም ገደማ ክብደት ልክ ይወጠራል።

ይህን ያህል የተወጠረ ብሎን በራሱ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ የማይፈታው በጥርሱ ቁልቁለት ምክንያት ነው። የብሎን ጥርስ በዘንጉ ዙሪያ የተጠመጠመ ተዳፋት ሲሆን፣ በ8 ሚሊሜትሩ ብሎን ላይ የዚህ ተዳፋት ዝንባሌ 3 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ብረት በብረት ላይ በራሱ መንሸራተት የሚጀምረው ግን ዝንባሌው ከዚህ በእጅጉ ሲበልጥ በመሆኑ፣ ሰበቃው ብሎኑን ቆልፎ ያስቀምጠዋል። ሲፈታ ደግሞ ያው ተዳፋት ረዳት ስለሚሆን፣ ጤነኛ ብሎንን ለመፍታት የሚያስፈልገው ኃይል ለማጥበቅ ከዋለው ያነሰ ነው። ከጠበቀበት በላይ ኃይል የሚጠይቅ ብሎን እንግዲህ ከሰበቃ ሌላ የያዘው ነገር አለ ማለት ነው፤ ይህ ምልክት ሥራውን ቆም አድርጎ ማሰብን የሚጠይቅ ነው።

ቆም ማለቱ ለምን እንደሚያስፈልግ የብሎኑ ጥንካሬ ይናገራል። በ8.8 ደረጃ የተሠራ የ8 ሚሊሜትር ብሎን በጥምዘዛ እንዳይሰበር በዓለም አቀፍ መስፈርት የተቀመጠለት ዝቅተኛ ወሰን 33 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ የ6 ሚሊሜትሩ ደግሞ 13 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው። በ20 ሳንቲሜትር መፍቻ ጫፍ ላይ 6.5 ኪሎግራም ያህል ክብደት መጫን ይህን ለማድረስ ይበቃል፤ ይህም ማንኛውም ጎልማሳ ሳይታወቀው በአንድ እጁ የሚያሳርፈው ኃይል ነው። የዘንግ የጥምዘዛ ጥንካሬ ከዲያሜትሩ ኩብ ጋር ስለሚሄድ፣ ዲያሜትሩ እጥፍ የሆነ ብሎን ስምንት እጥፍ ይችላል። የጎማ ዳዶዎችን በሚፈታ እጅ የውኃ ፓምፕ ብሎን ሲነካ የሚሰበረውም ለዚህ ነው።

ከሰበቃ በላይ ብሎንን የሚይዙት ነገሮች ሁሉ ማለት ይቻላል መነሻቸው እርጥበት፣ ሙቀት ወይም ሁለቱም ናቸው። ብረት ሲዝግ ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ተዋሕዶ የሚፈጥረው አዲስ ቁስ ከብረቱ የበለጠ ቦታ የሚይዝ በመሆኑ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት ሞልቶ ብሎኑን ከዳር እስከ ዳር ይጨምቀዋል። በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንባቸው ቦታዎች፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን ሚኒሶታን ጨምሮ፣ ይህ ሂደት እጅግ የፈጠነ ነው፤ ጨው የተቀላቀለበት ውኃ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ የዝገቱን ኬሚካዊ ምላሽ ያፋጥነዋል። የብረት ብሎን በአሉሚኒየም ቴስታታ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ሌላ ችግር ይከተላል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በእርጥበት ሲገናኙ አነስተኛ ባትሪ ስለሚፈጥሩ፣ ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቀው አሉሚኒየም በብረቱ ፈንታ ይበላል፤ ከዚህ የሚወጣው ነጭ ዱቄት መሰል ኦክሳይድም ጥርሱን አጥብቆ ይደፍነዋል። ቀይ ዝገት የሚታይበትና ነጭ ዱቄት የሚታይበት ብሎን በተለያየ መንገድ መያዝ ያለባቸው በመሆኑ፣ ከመፍቻው በፊት ዓይን መሥራት አለበት። በጭስ መውጫው በኩል ያሉት ብሎኖችና ዳዶዎች ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ ሞተሩ በተነሣና በጠፋ ቁጥር እየጋሉና እየቀዘቀዙ፣ የላይኛው ገጽታቸው እየተቃጠለ፣ ዘንጋቸውም እየሳሳ ስለሚሄድ ዝገቱ ብቻ ሳይሆን ብረቱ ራሱ ደክሟል።

የመጀመሪያው መድኃኒት ዘልቆ የሚገባ ዘይት ነው። ይህ ዘይት ከሞተር ዘይት የሚለየው በቅጥነቱና የገጽታ ውጥረቱ ዝቅተኛ በመሆኑ ነው፤ ፈሳሽ በጠባብ ክፍተት ውስጥ ያለ ግፊት በራሱ የሚሳብበት፣ ካፒላሪ የሚባለው ክስተት የሚሠራው ፈሳሹ ብረቱን በደንብ ሲያርስ ነውና። በገበያ ላይ እጅግ የታወቀው ደብሊው ዲ 40 በ1953 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ሳን ዲዬጎ ሲቀመም ዓላማው ውኃን ከብረት ላይ ማስወገድና ዝገትን መከላከል ነበር፤ በመሆኑም ለቀላል ሥራ የሚረዳ ቢሆንም ለያዘ ብሎን ተብለው የተቀመሙት ይመረጣሉ። ዘይቱ የሚጠይቀው ከሁሉም በላይ ጊዜ ነው። በብሎኑ ዙሪያ ያለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ተጠርጎ ዘይቱ ማታ ተጨምሮ እስከ ጠዋት ቢቆይ፣ በመካከሉም ብሎኑ በመዶሻ ቀስ ተብሎ ቢመታ፣ ፈሳሹ በተሰነጣጠቀው ዝገት በኩል መንገድ ያገኛል። ከጋለ ብሎን ጋር የተነካካ የፓራፊን ሰም፣ ማለትም ተራ ሻማ፣ በ60 ዲግሪ አካባቢ ቀልጦ በጥርሶቹ መካከል የሚሳብ በመሆኑ በብዙ የቆዩ ሠራተኞች ዘንድ ከዘይት ይልቅ የታመነ ነው።

ሙቀት ከዘይት የበረታ መሣሪያ ቢሆንም አጠቃቀሙ ስሌት ይፈልጋል። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ በሚጠጋ መጠን ይሰፋል፤ ስለዚህ የ8 ሚሊሜትር ብሎን የተቀበረበት ቴስታታ ከ20 ወደ 150 ዲግሪ ሲሞቅ ቀዳዳው ከብሎኑ ይልቅ በ0.011 ሚሊሜትር ገደማ ይሰፋል። ልኩ ለዓይን የማይታይ ቢሆንም ኦክሳይድ እንደ ብረት የማይለጠጥ ተሰባሪ ቁስ በመሆኑ፣ ይህ ጥቂት እንቅስቃሴ ቅርፊቱን ለመሰንጠቅ ይበቃል። ብሎኑ በወፍራም ብረት ውስጥ ተቀብሮ ዙሪያውን ማሞቅ በማይቻልበት ጊዜ ግን ተቃራኒው ይሠራል። ብሎኑ ራሱ በፍጥነት ሲግል ለመስፋት ቢሞክርም ዙሪያውን ያለው ቀዝቃዛ ብረት ስለማያላውሰው ራሱን ጨምቆ ቅርጹን ይቀይራል፤ ሲቀዘቅዝ ከቀድሞው በጥቂቱ ቀጥኖ ይቀራል፣ ከዝገቱም ይላቀቃል። በዚህም ምክንያት የጋለ ብሎን መፍታት የሚሞከረው እንደጋለ ብቻ ሳይሆን ቀዝቅዞም ነው።

እሳት በሞተር ዙሪያ የሚያስከትለው አደጋ በግልጽ ሊነገር ይገባል። የኦክስጅንና የአሴቲሊን ነበልባል 3,100 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ አሉሚኒየም ደግሞ እንደ ብረት ቀልቶ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ በድንገት የሚቀልጥ በመሆኑ በተሳሳተ እጅ ቴስታታ በደቂቃ ውስጥ ይጠፋል። ዘልቆ የሚገባው ዘይት ተቀጣጣይ ነው፤ የነዳጅ መስመርና የጎማ ክፍሎች በአቅራቢያው ካሉም መነሣት አለባቸው። ክሎሪን ያለባቸው የፍሬን ማጽጃ ፈሳሾች በተረፉበት ቦታ ላይ ማሞቅ ወይም መበየድ ፎስጂን የተባለ ሳንባን የሚያቃጥል መርዛማ ጋዝ ስለሚፈጥር፣ ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከ425 ዲግሪ በላይ የጋለ የ8.8 ብሎን ጥንካሬውን ያገኘበት የሙቀት አሠራር ሊበላሽ ስለሚችል፣ ቢወጣም ተመልሶ መግጠም አይገባውም።

ከሙቀትና ከዘይት ቀጥሎ የሚመጣው ንዝረት ነው። በብሎኑ ጭንቅላት ላይ በቀጥታ የሚያርፍ የመዶሻ ምት ጥርሶቹን ለቅጽበት ከተጫኑበት ያላቅቃቸዋል፤ በአየር ወይም በኤሌክትሪክ የሚሠራው የምት መፍቻም የሚያሸንፈው ኃይሉን በአጫጭር ምቶች ከፋፍሎ ስለሚሰጥ ነው። በእጅ ሲሠራ ብሎኑን ለመፍታት ከመሞከር በፊት በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ መነቅነቅ፣ ከዚያም ሩብ ዙር ፈትቶ ግማሹን መመለስ፣ ዘይት እየጨመሩም ይህን መደጋገም የተፈጨውን ዝገት ከጥርሱ ያወጣዋል። ብሎኑ ሲዞር እንደ ጎማ መለጠጡ ከተሰማ ሊሰበር ነውና ሥራው ወደ ሙቀት መመለስ አለበት።

የጭንቅላቱ ማዕዘን የሚበላው በአብዛኛው በመፍቻ ምርጫ ስሕተት ነው። በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ በብዛት በሚታዩት የጃፓን መኪኖች ላይ የ8 ሚሊሜትር ብሎን ብዙ ጊዜ 12 ቁጥር፣ የ10 ሚሊሜትሩ ደግሞ 14 ቁጥር መፍቻ የሚወስድ ሲሆን፣ በአውሮፓ መኪኖች ላይ ያው የ8 ሚሊሜትር ብሎን 13 ቁጥር ነው። 12 ቁጥር ላይ የግማሽ ኢንች መፍቻ ማስገባት 0.7 ሚሊሜትር ክፍተት ስለሚተው ኃይሉ በሙሉ በማዕዘኖቹ ጫፍ ላይ ያርፋል። ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘን መፍቻ ለተመቸ አቅጣጫ የተሠራ እንጂ ለያዘ ብሎን አይደለም፤ ባለ ስድስቱ በጎኖቹ ላይ ስለሚያርፍ እጅግ የተሻለ ነው። ማዕዘኑ ከተበላ በኋላ ጭንቅላቱን በሞረድ አስተካክሎ ጠባብ መፍቻ በመዶሻ መክተት፣ ወይም በላዩ ላይ ዳዶ መበየድ አዲስ መያዣ ይሰጣል።

ብሎኑ ከተሰበረ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ብዙ ጊዜ ብየዳ ነው። በቀረው ጉቶ ላይ ሰፊ ዳዶ ተቀምጦ በመካከሉ ሲበየድ፣ ዳዶው መያዣ ከመስጠቱ በተጨማሪ የብየዳው ሙቀት ቀደም ሲል የተገለጸውን የመቀጠን ሥራ ይሠራል፤ የብረት ብየዳ ከአሉሚኒየም ጋር ስለማይዋሐድም ጉቶው በጉድጓዱ ውስጥ ጠልቆ ቢሆን እንኳ ቀዳዳው ላይ አይጣበቅም። ብየዳ በሌለበት ጉቶው ይበሳል። መብሻው ከማዕከል በጥቂቱ ቢያፈነግጥ የቴስታታውን ለስላሳ ጥርስ ይዞት ስለሚሄድ፣ የጉቶውን ገጽ ማስተካከልና ማዕከሉን በሹል ብረት መምታት ከራሱ መብሳት የበለጠ ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። ወደ ግራ የሚቆርጥ መብሻ ካለ እሱ ይመረጣል፤ እየበሳ ብሎኑን ይዞት የሚወጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለምና። ከዚያ በኋላ የሚገባው የግራ ጥርስ ያለው ሾጣጣ ማውጫ ግን እጅግ ጥንቃቄ ይሻል። ቅርጹ ሽብልቅ በመሆኑ ጉቶውን ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍቶ ከጥርሱ ጋር ይበልጥ ያጣብቀዋል፤ የተሠራበት ብረት ደግሞ ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ በውስጥ ከተሰበረ ተራ መብሻ አይነካውም። በዚህ ደረጃ የሚቀረው፣ በ1943 እ.ኤ.አ. የሶቪየት ሳይንቲስቶች ቦሪስና ናታሊያ ላዛሬንኮ በሠሩት ዘዴ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ ብረቱን እያቃጠለ የሚቦረቡር ማሽን ነው።

ጥርሱ የተበላ ቀዳዳም መጨረሻው አይደለም። ቀዳዳው በጥቂቱ ሰፍቶ አዲስ ጥርስ ይወጣለትና መስቀለኛ ገጹ የአልማዝ ቅርጽ ያለው፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ የሽቦ ጥምጥም ይገባበታል፤ ጥምጥሙ ጭነቱን በሰፊው የአሉሚኒየም ጥርስ ላይ ስለሚያካፍለው ከፋብሪካው ጥርስ ይልቅ የጠነከረ ቀዳዳ ይገኛል። አዲሱ ብሎን ሲገጠም መያዝን የሚከላከል የመዳብ ወይም የኒኬል ቅባት መቀባት ተገቢ ነው፤ ይህ ሲደረግ ግን ሰበቃው ስለሚቀንስ ቀድሞ በሰበቃ ይባክን የነበረው ኃይል ወደ መለጠጥ ይሄዳል። ያው የ8 ሚሊሜትር ብሎን ተቀብቶ በ25 ኒውተን ሜትር ቢጠብቅ ውጥረቱ ከ15,600 ወደ 24,000 ኒውተን ገደማ ሊደርስ የሚችል ሲሆን፣ ብሎኑ ተለጥጦ ወደ ቀድሞ ቁመቱ የማይመለስበት ወሰን 23,400 ኒውተን አካባቢ ነው። ስለዚህ አምራቹ የሰጠው ቁጥር ለደረቅ ብሎን ከሆነ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ዝቅ ይደረጋል። ቅባቱ በጥርሱ ላይ ስስ ሆኖ ይቀባል፤ መጨረሻው የተደፈነ ቀዳዳ ከሆነም ከሥራው የተረፈው ዘይት በአየር ተነፍቶ መውጣት አለበት፤ ፈሳሽ ስለማይጨመቅ ብሎኑ ሲገባ የሚፈጥረው ግፊት የሞተሩን አካል ሊሰነጥቅ ይችላል።