የአቢሲንያ ባንክ ቅርንጫፎችና ከመስመሩ ውጭ የቀረው ምዕራብ ጎጃም

በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ መንግሥትና በግብፅ ብሔራዊ ባንክ መካከል በመጋቢት 1897 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ለአቢሲንያ ባንክ የ50 ዓመት ብቸኛ መብት የሰጠ ነበር። በየካቲት 1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረው ይህ ባንክ፣ የተፈቀደ ካፒታሉ 500,000 ፓውንድ ስተርሊንግ ሲሆን፣ የገንዘብ ወረቀት ማሳተምና የመንግሥትን ገንዘብ መያዝ የእርሱ ብቻ ሥራ ሆነ። ከትርፉም 20 በመቶው ለመንግሥት እንዲከፈል ተወሰነ።

ስለ ባንኩ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በውሉና በዋና ከተማው ላይ ያተኩራል። ይሁን እንጂ የቅርንጫፎቹ አቀማመጥ ከውሉ አንቀጾች የማይተናነስ ነገር ይናገራል። ሐረርና ድሬዳዋ ከጅቡቲ በሚመጣው ንግድ ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ የምድር ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው ባንኩ ከመቋቋሙ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ ነበር። ጎሬ፣ ደምቢ ዶሎና ጋምቤላ ደግሞ የምዕራቡን ቡና ይከተላሉ፤ ቡናው በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ባለቤቱ በካይሮ የተቀመጠ ባንክ ወደ ሱዳን የሚያመራውን መስመር ቢመርጥ አያስገርምም።

ጎጃም በእነዚህ ሁለት መስመሮች መካከል ቀረ። ገበያ ስላልነበረው ግን አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በባሶ ገበያ በኩል ወደ ጎንደር፣ ከዚያም ወደ ምጽዋ ይጓዝ ነበር። ቡሬም ወደ ወለጋ በሚወርደው መንገድ አፋፍ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። ንግዱ ፊቱን ወደ ጅቡቲና ወደ ጋምቤላ ሲያዞር፣ ይህ የሰሜን መስመር ቀድሞ የነበረው ብርታት ቀነሰ፤ ባንኩም የተከተለው አዲሱን አቅጣጫ ነው።

ውጤቱ በመገበያያው ላይ ታየ። ባንኩ በ1907 ዓ.ም. ያወጣው የገንዘብ ወረቀት ዋጋ የሚኖረው በጠገራ ብር የሚለውጠው መሥሪያ ቤት በቅርብ ሲገኝ ነው። ከቡሬ እስከ ፈረስ ቤት ላለው ገበሬ ወረቀቱ የሩቅ ተስፋ እንጂ ገንዘብ አልነበረም፤ አሞሌ ጨውና ማሪያ ቴሬዛ ብር ግን በእጅ የሚጨበጡ ነበሩ። ሸክማቸው ግን ቀላል አልነበረም። አንዱ ማሪያ ቴሬዛ 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ 4,000 ብር የሚያንቀሳቅስ ነጋዴ 112 ኪሎ ግራም ብረት በበቅሎ ጭኖ የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት ነበረበት። ለአጃቢና ለኬላ የሚከፈለው ሲታከልበት፣ የባንክ አለመኖር ራሱ እንደ ግብር የሚቆጠር ወጪ ነው።

የ50 ዓመቱ ውል ግማሽ ዕድሜውን ያህል ብቻ ኖረ። በ1923 ዓ.ም. መንግሥት መብቱን ገዝቶ የኢትዮጵያ ባንክን አቋቋመ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ተተካ፤ እርሱም በአዋጅ ቁጥር 206/1955 መሠረት ለብሔራዊ ባንክና ለንግድ ባንክ ተከፈለ። አንሪ ሾሜ የነደፈው ክብ የንግድ ባንክ ሕንፃና በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 209 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሕንፃ የአዲስ አበባ መለያ የሆኑት በዚህ ሐረግ ነው። በ1988 ዓ.ም. የተቋቋመው የግል አቢሲንያ ባንክ የቀድሞውን ስም ይያዝ እንጂ ከዚህ ሐረግ የወጣ አይደለም።