የግል ድረ ገጽ አዘገጃጀትና አጠባበቅ

ነቀምቴ፦ በነቀምቴ፣ በጊምቢም ሆነ በደምቢ ዶሎ የሚገኝ የመንግሥት ሠራተኛ የግል ድረ ገጹን ያለ ኢንተርኔት መስመር ማዘጋጀት ይችላል። በኤችቲኤምኤል የሚጻፍ ገጽ ተራ የጽሑፍ ፋይል በመሆኑ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ይታረማል፤ መስመር የሚያስፈልገው ወደ ሰርቨር ሲላክ ነው።

በወለጋ ዞኖች በ2012 ዓ.ም የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ወራት ያህል ተቋርጦ እንደነበር ይታወሳል። በዚያን ወቅት ሰርቨር ላይ ብቻ የተቀመጠ ጽሑፍ ባለቤቱ በአካባቢው ሆኖ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ስለሆነም ሙሉ ቅጂውን በፍላሽ ዲስክ መያዝ የጥገናው ዋነኛ ክፍል ነው።

አማርኛው በዩኒኮድ ሊጻፍ ይገባል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት በየድርጅቱ ፎንት የተጻፈው፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል። በቁቤ ለሚጻፈው አፋን ኦሮሞ ግን ይህ ችግር አልነበረም።

የድረ ገጹ ስም በባለሙያው ሳይሆን በባለቤቱ ስም መመዝገብ አለበት፤ ክፍያው በወቅቱ ካልታደሰ ስሙ ለሌላ ሰው ሊተላለፍ ይችላል።