ኮምፒውተሩ ኔትወርክ ላይ ለምን አይታይም?

የአንድ ቢሮ ኮምፒውተር በኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ አለመታየቱ መስመሩ ተቋርጧል ማለት አይደለም። ዊንዶውስ ስም የሚዘረዝርበትና ፋይል የሚያጋራበት መንገድ የተለያየ ነው። ስለዚህ ለፈተና የሚፈለጉ ማስታወሻዎች በማይታየው ኮምፒውተር ውስጥ ቢቀሩ፣ ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን ሳንቸኩል በቅደም ተከተል እንፈትሽ።

መጀመሪያ የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ እንይ። በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ አድራሻ አላገኘም፤ ኬብሉንና ስዊቹን እንፈትሽ።

አድራሻው ደህና ከሆነ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የፋይል መስኮት ከፍተን፣ ከላይ ባለው የአድራሻ ቦታ \\ ካስቀደምን በኋላ አይፒውን እንጻፍ። ፎልደሮቹ ከተከፈቱ ማስታወሻዎቹ ተገኝተዋል፤ የጎደለው ስሙ በዝርዝሩ መውጣቱ ብቻ ነው።

ለዚህ የተለመደው ምክንያት ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ መመዝገቡ ነው። የምናምነው የቢሮ መስመር ከሆነ «ፕራይቬት» እናድርገውና «ኔትወርክ ዲስከቨሪ»ን እናብራ። ካልሠራ «ፋንክሽን ዲስከቨሪ ሪሶርስ ፐብሊኬሽን» የተባለውን ሰርቪስ እናስነሳ።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። «ኤስኤምቢ 1ን አብሩት» የሚል ምክር በብዛት ይሰማል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በብዙ አገሮች የኮምፒውተር ፋይሎችን የቆለፈው በዚሁ አሮጌ አሠራር ክፍተት ተሰራጭቶ ነው። አንድ ስም ዝርዝር ውስጥ ለማየት ብለን የሁሉንም ፋይል ለአደጋ አናጋልጥ።

መፍትሔው ሲገኝም በወረቀት ጽፈን ግድግዳ ላይ እንለጥፈው፤ ከእኛ በኋላ ቢሮውን ለሚረከቡት ይጠቅማል።