የሠራተኛ አቤቱታ በጊዜው ይሰማ

በጋምቤላም ሆነ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ በሰላም የሚደርሰው ብዙ ሠራተኞች ሲተባበሩ ነው። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች የደመወዝ ማሻሻያ ጠይቀው ሥራ ማቆማቸው፣ ከእነርሱም ዘጠኙ መታሰራቸው ይታወሳል።

በየትኛውም መሥሪያ ቤት ቅሬታ የሚከማቸው ውል ሳይጻፍ፣ ዕድገት በዝምድና ሲሰጥ፣ አቤቱታም መልስ ሲያጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል፤ መደበኛው ሥራም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

ሐዋርያው ያዕቆብም የሠራተኛን ደመወዝ ያስቀሩትን ባለጠጎች ገሥጿል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን በጽሑፍ ውል ይቅጠሩ፤ አቤቱታ ተቀባይ ይሰይሙ፤ መልስ የሚሰጥበትንም ቀን አስቀድመው ይወስኑ።